ከጣና ነጭ ዓሣ እስከ አቀስታ የጨው ጣሳ

በደቡብ ወሎ፣ በለጋምቦ ደጋ ባለችው አቀስታ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቁመቱ የሚለካው ተጋድሞ ነው። ከታዘለበት ይወርዳል፣ ከጋቢው ይፈታል፤ የደጋው ብርድ ሲነካው ጩኸቱን ይለቀዋል። “እማማ፣ እርስዎ ራሱን ያዙልኝ፤ ዓይኑ ወደ ጣሪያው ይይ” ትላለች ባለሙያዋ አያቱን። እሷ በግራ እጇ ጉልበቶቹን ተጭና በቀኟ ተንሸራታቹን ጣውላ እስከ ተረከዙ ታስጠጋለች። ልጁ ጉልበቱን ካጠፈ ቁጥሩ ይሳሳታል፤ ስለዚህ እስኪረጋ ትጠብቃለች። ከዚያ ሴንቲ ሜትሩን አንብባ ከዕድሜው ጋር ታስተያያለች።

እዚህ አገር ወላጅ የሚጨነቀው ስለ ልጁ ክብደት ነው። ከሳ፣ ገረጣ፣ አልበላ አለ ብሎ ጤና ኬላ ይመጣል። ቁመቱን ብሎ የሚመጣ ግን እምብዛም የለም። አጭር ቢሆን “አያቱን ወጣ” ይባልና ይታለፋል። የጎረቤቱም ልጅ እንደሱው ስለሆነ፣ ማጠሩን ለይቶ የሚያሳይ እኩያ በዙሪያው አይገኝም። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 46ቱ መቀንጨራቸውን፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ማጠራቸውን፣ መዝግቧል። በዚያ ጥናት ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። በ2000 የአገሪቱ ቁጥር 58 እንደነበር ሲታሰብ ብዙ መንገድ ተሄዷል፤ በ2015 የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2030 ለማስወገድ አልሞ የተነሳ ነው።

ስለ መቀንጨር ሲወራ ምግብ ይቀድማል፤ መቅደሙም ተገቢ ነው። ውርጭ ገብሱን በሚያቃጥልበት፣ በልግ ሲቀር ጓዳ በሚራቆትበት በለጋምቦ ደጋ ይህን ማስረዳት አያሻም። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ በምግቡና በአጥንቱ መካከል ያለው ነገር ነው። የተበላው ገብስ እንዴት ቁመት ይሆናል? አጥንትን “እደግ”፣ ሥጋን “ብሰል” እያለ የሚያዘው ማነው? የሚያዙት ሆርሞኖች ናቸው፤ ከዕጢዎች ወደ ደም የሚለቀቁ፣ መጠናቸው እጅግ ያነሰ፣ ሥራቸው ግን መላ አካልን የሚገዛ ቅመሞች። በሰው ልጅ ላይ ይህን ሥራ ከመጀመሪያው አንስቶ በዓይን መከታተል አይቻልም፤ ሽሉ በማህፀን ተሸሽጓል፣ በልጅም ላይ ሙከራ አይሠራም። በዚህ ምክንያት ነው ተመራማሪዎች ወደ አንዲት ትንሽ ዓሣ የዞሩት።

ዜብራፊሽ ትባላለች። አገሯ ደቡብ እስያ ነው፤ በሕንድ፣ በኔፓልና በባንግላዴሽ ጅረቶችና የሩዝ ማሳዎች ትኖራለች። ርዝመቷ ከሦስትና ከአራት ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ ጎኖቿ ላይ ከራስ እስከ ጭራ የተሰመሩ ጥቁር ሰማያዊ መስመሮች አሏት። ለምርምር ያበቃት በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረው ጆርጅ ስትራይሲንገር ነው፤ በ1981 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ የዘርፉ መነሻ ሆኖ ይቆጠራል። የመረጣት ያለ ምክንያት አይደለም። እንቁላሏ ውኃ ውስጥ ተጥሎ ነው የሚያድገው፤ ሽሉም ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። በአጉሊ መነጽር ሥር ያደረጋት ሰው በተፀነሰች በ24 ሰዓት ውስጥ ልቧ መምታት ሲጀምር ያያል፤ በሦስተኛው ቀን ግድም ትፈለፈላለች፤ በሦስት ወር ገደማ ራሷ እንቁላል ትጥላለች። በ2013 ሙሉ ዘረመሏ ተነብቦ ሲታተም፣ ከሰው ዘረመሎች 70 በመቶ ያህሉ አምሳያ በእሷም ውስጥ እንደሚገኝ ታወቀ። በእነዚህ ውስጥ ዕድገትን የሚያዙት ሆርሞኖች ዘረመሎች ይገኙበታል።

ዛሬ በቦስተን ኮሌጅ የምታስተምረው ሣራ ማክሜናሚን የሥራ ዘመኗን በአብዛኛው የሰጠችው ለዚህች ዓሣ ዕድገት ነው። በ2013 ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት የዕድገት ሆርሞንን የሚሠራው ዘረመል የተበላሸባቸውን ዜብራፊሾች የተመለከተ ነበር። ይህ ሆርሞን ከአንጎል ሥር ካለች ፒቱታሪ ከምትባል ዕጢ የሚመነጭ ነው፤ በዓሣም በሰውም ቦታው አንድ ነው። ሆርሞኑ የጎደላቸው ዓሦች ድንክ ሆነው ቀሩ። ይህስ የሚጠበቅ ነበር። ያልተጠበቀው ስባቸው መብዛቱ ነው፤ የበሉትን ወደ ቁመት መለወጥ ሲያቅታቸው በስብ መልክ አከማቹት።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ልጆች አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ደም ሲመረመር የዕድገት ሆርሞኑ አንሶ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም በዝቶ ነው የሚገኘው። ፒቱታሪ ትእዛዙን ደጋግማ ትልካለች። ጉበት ግን አይታዘዝም። በደህና ጊዜ ትእዛዙ ሲደርሰው ጉበት አይ ጂ ኤፍ-1 የተባለ ሁለተኛ መልእክተኛ ያመርታል፤ የአጥንቱን ጫፍ የሚያስረዝመው በዋናነት ይህ ነው። ፕሮቲንና ጉልበት በሌለበት ጉበት ይህን ማምረት ይቀንሳል፤ ሰውነት ልብንና አንጎልን ለማቆየት ሲል ቁመቱን ይተዋል። ስለዚህ ለተቀነጨረ ልጅ የዕድገት ሆርሞን በመርፌ መስጠት መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ ሆርሞኑ ቀድሞውንም አለ። የጎደለው መታዘዝ የሚያስችለው ምግብ ነው። አጭር ቁመት የዘር ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ልጁ ለማደግ የሚያበቃው ሆርሞን ይዞ ተወልዷል።

ሁለተኛው ሆርሞን ለዚህ ደጋ የበለጠ ቅርብ ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን። በሰው አንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የተቀመጠችው ዕጢ የምታመርተው ነው። ማክሜናሚንና ባልደረቦቿ በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ሥራ ይህች ዕጢ ብትጠፋ ዓሣዋ ምን እንደምትሆን ለማየት የተጠቀሙበት ዘዴ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ በማይሆን መድኃኒት የተሠራ ነው። ሜትሮኒዳዞል፤ በአሜባና በጃርዲያ የተያዘ ሰው ከፋርማሲ የሚገዛው ያው እንክብል። ተመራማሪዎቹ ከባክቴሪያ የተወሰደ አንድ ዘረመል በዓሣዋ የታይሮይድ ሕዋሳት ውስጥ ብቻ እንዲሠራ አድርገው አስገቡ። ይህ ዘረመል የሚያመርተው ኢንዛይም ሜትሮኒዳዞልን ወደ መርዝነት ይለውጠዋል። ጫጩቶቹ መድኃኒቱ ባለበት ውኃ ሲቆዩ የታይሮይድ ሕዋሳቱ ብቻ ይሞታሉ፤ የቀረው አካል ምንም አይሆንም። ቢላዋ ሳይነካት፣ ገና ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ካለች ዓሣ ዕጢዋን ማውጣት ማለት ነው።

ዓሦቹ አልሞቱም፤ አደጉም። ግን እንደ እኩዮቻቸው አልሆኑም። ጥቁር ቀለም የሚይዙት ሕዋሳት ከልክ በላይ በዙ፣ ቢጫዎቹ ጠፉ፤ ስማቸውን ያገኙበት መስመር ተደበላለቀ። ቅርፊት የሚለብሱበት፣ አጥንታቸው የዐዋቂ መልክ የሚይዝበት ጊዜም ዘገየ። ከዚህ የተማርነው ትልቅ ነገር መግዘፍና መብሰል ሁለት ሥራ መሆናቸውን ነው። አካል ሊገዝፍ ይችላል፤ የዐዋቂውን ቅርጽ በጊዜው እንዲይዝ ግን የታይሮይድ ሆርሞን ማዘዝ አለበት።

ዜብራፊሽ የእኛ ወንዝ ተወላጅ አይደለችም፤ ዘመዷ ግን በእጃችን አለ። ባሕር ዳር ላይ ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ በጣና ሐይቅም በአባይ ገባሮችም፣ የደቡብ ወሎን ደጋ እያጠበ ወደ አባይ በሚወርደው በበሽሎም ሳይቀር የሚገኘው ዓሣ ከዜብራፊሽ ጋር አንድ ሰፊ ወገን ነው። የጣናው ነጭ ዓሣ ደግሞ በዓለም ብዙ የማይገኝ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከሐይቁ የሰበሰባቸውን ዓሦች በተለያዩ ስሞች መዝግቦ ነበር። በ1973 ኪት ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ “ሁሉም የአንድ ዝርያ መልኮች ናቸው” ብሎ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ እንደገና ቆጠሯቸው፤ 15 ዝርያዎች ለዩ። አፋቸው ወደ ታች የዞረ፣ ከንፈራቸው የወፈረ፣ መንጋጋቸው የረዘመ፣ ጀርባቸው የጎበጠ አሉባቸው። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አዳኞች ናቸው፤ ይህ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው በመሆኑ አዳኝነቱ ያስደንቃል።

ይህ ሁሉ የሆነው በጣም አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ከሐይቁ ወለል የተወሰደው ደለል እንደሚመሰክረው ጣና ከዛሬ 17 ሺህ ዓመት አካባቢ ደርቆ ነበር፤ ዳግመኛ የሞላው ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው። በሥነ ሕይወት ሚዛን 15 ሺህ ዓመት የዓይን ጥቅሻ ነው። ከአንድ የወንዝ ዓሣ ያን ያህል የተለያየ መልክ እንዴት ቶሎ ወጣ?

በሞስኮ የሴቨርትሶቭ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ፊዮዶር ሽኪል፣ ሰርጌይ ስሚርኖቭና ባልደረቦቻቸው፣ በኢትዮጵያና በሩሲያ የጋራ የሥነ ሕይወት ጉዞ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ጋር ሆነው ይህንን የጠየቁት በሆርሞን በኩል ነው። በ2012 ባወጡት ጽሑፍ ዜብራፊሽንና የጣናውን ነጭ ዓሣ ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። አሠራራቸው ቀላልና ግልጽ ነው። ከአንድ እናትና አባት የተገኙ ጫጩቶች ይከፈላሉ። አንዱ ወገን በንጹህ ውኃ ያድጋል። ሁለተኛው የታይሮይድ ሆርሞን ጠብ በተደረገበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ታይዮዩሪያ የሚባል ዕጢዋን ሥራ የሚያስፈታ ኬሚካል ባለበት ውኃ ውስጥ ይሆናል። ከዚያ የአጥንቶቹ አወጣጥ በቀለም እየተለየ በተርታ ይቆጠራል፤ የትኛው አጥንት ቀደመ፣ የትኛው ዘገየ እየተባለ።

ሆርሞን የበዛላቸው ቸኮሉ፤ አጥንታቸውና ቅርፊታቸው ቀድሞ ወጣ። ሆርሞን ያጡት ዘገዩ። ነገሩ በመፍጠንና በመዘግየት ብቻ አላበቃም፤ የአጥንቶቹ መውጫ ቅደም ተከተል ተዛባ፣ ተደጋጋሚ የሆኑ ክፍሎች ቁጥር ተለወጠ፣ የራስ ቅሉ ቅርጽም ተለየ። የአንድ እናት ልጆች፣ ዘረመላቸው ያልተነካ፣ የጊዜ አዛዡ ሲለዋወጥባቸው ብቻ የተለያየ መልክ ይዘው አደጉ። ከተለወጡት ነገሮች አንዳንዱ በሐይቁ ውስጥ በተፈጥሮ ያሉትን ዓሦች ከሚለያዩት መልኮች ጋር ይቀራረባል። ይህ የጣናን ታሪክ ሁሉ ይፈታል ማለት አይቻልም፤ ዝርያዎቹ የሚራቡበት ቦታና ጊዜ፣ የሚበሉት ነገርም የየራሱ ድርሻ አለው። እኔ ግን ከዚህ ሥራ የበለጠ ስለ ዕድገት ያስተማረኝ ነገር የለም። ትእዛዙ የሚሰጥበት ጊዜ ከትእዛዙ እኩል ይመዝናል።

የሚያሳዝነው ዓሣው ራሱ እየተመናመነ መሆኑ ነው። ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ገልዳ ለመራባት በክረምት በሚወጣበት ሰዓት በወንዞቹ አፍ መረብ ይጠብቀዋል። ከ1991 እስከ 2001 ባለው አሥር ዓመት ውስጥ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ብዛት በደቡባዊው የሐይቁ ክፍል በ75 በመቶ መቀነሱን ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ዘግበዋል። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

ወደ ደጋው ልመለስ። የታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ ዋናው ሆርሞን በእያንዳንዱ ቅንጣቱ አራት የአዮዲን አተሞች ይዟል። አዮዲን ከሌለ ሆርሞን የለም። የሚያስፈልገን መጠን እጅግ ትንሽ ነው፤ ለዐዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚጠቀምበት ተሰብስቦ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። ይህችም ታህል ከደጋ ምግብ አትገኝም። አዮዲን ያለው በባሕር ነው፤ ከተራራ አፈር ውስጥ የነበረውን ዝናብና ጎርፍ ለሺህ ዓመታት አጥበው ወስደውታል። አምባ ፈሪት ተራራ ሥር የበቀለ ገብስ፣ ባቄላና ድንች የሚይዘው አፈሩ የሰጠውን ነው። ጎመንም ይጨመርበታል፤ በጎመን ወገን አትክልቶች ውስጥ ያሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ሥራቸው ሽኪል ዓሦቹን ካዘገየበት ኬሚካል ጋር ይቀራረባል። አዮዲን ለሚያገኝ ሰው ጎመን ጉዳት የለውም፤ በቂ አዮዲን በሌለበት ማዕድ ግን ጫናው ይጨምራል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደሚባለው ነው።

እንቅርት ለአገራችን ደጋ አዲስ ነገር አይደለም። ዕጢዋ አዮዲን ፍለጋ ስትለፋ ትተልቃለች፤ አንገት ያብጣል። አሮጊቶቻችን አንገት ላይ በተርታ የምናየው ንቅሳት ከጌጥነቱ ሌላ ለእንቅርት መድኃኒት ይሆናል ተብሎም የተነቀሰ ነው። በ2007 ቸርነት አቡዬና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ከሆኑ 100 ልጆች 40 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። እንቅርቱ ግን የሚታየው ነው። የማይታየው ይበልጣል፤ አዮዲን በእጅጉ ያጣች እናት የምትወልደው ልጅ ደንቆሮ፣ ድዳ፣ ድንክና አእምሮው የዘገየ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ መካከለኛ ሲሆን ደግሞ ልጁ ጤነኛ ይመስላል፤ ትምህርት ግን ይከብደዋል።

ዓሣዋና ሰው እዚህ ላይ እንደገና ይገናኛሉ። የዜብራፊሽ ሽል የራሷን ዕጢ እስክትሠራ የምትኖረው እናቷ በእንቁላሉ አስኳል ውስጥ ባስቀመጠችላት የታይሮይድ ሆርሞን ነው። የሰው ሽልም እስከ እርግዝናው አጋማሽ ድረስ በዋናነት የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው። አንጎሉ ግን በእነዚያ ወራት ነው መሠረቱ የሚጣለው። ብዙ እናቶች ነፍሰ ጡር መሆናቸውን አውቀው ጤና ጣቢያ እስኪሄዱ ከዚህ ጊዜ ብዙው አልፏል። የለጋምቦ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የበልግ ዝናብ ካለፈ በኋላ ዘር ቢሻል፣ ማዳበሪያ ቢጨመር፣ ያመለጠው አይመለስም። ስለዚህ አዮዲኑ መድረስ ያለበት ሴቲቱ ገና ሳትፀንስ፣ በየዕለቱ፣ ሳታስበው ነው። ይህን ማድረግ የሚችል አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ሀብታምም ደሃም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየማዕዱ የማይተወው ጨው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ አንድ ጊዜ ወድቃ ተነስታለች። እስከ 1998 አገሪቱ የምትበላው ጨው በብዛት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ ነበር፤ አዮዲንም ይጨመርበት ነበር። የኤርትራ ጦርነት መንገዱን ሲዘጋው አቅርቦቱ ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ዞረ። እዚያ ጨው የሚያመርቱት ብዙ ትናንሽ አምራቾች ነበሩ፤ አዮዲን የሚቀላቅል አልነበረም። በ2011 ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የሚጠቀሙት ቤተሰቦች ከ100 15 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በ2016 ቁጥሩ 89 ደረሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ15 ወደ 89። የመቀንጨርን ቁጥር በዚያ ፍጥነት ያወረደ ነገር እስካሁን አላየንም፤ ይህ ስኬት በአደባባይ ያን ያህል አለመነገሩ ይቆጨኛል።

አዮዲን አለበት ማለት ግን በቂ አለበት ማለት አይደለም። ከአፍዴራ የወጣው ጨው አቀስታ እስኪደርስ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ፀሐይ፣ ሙቀትና እርጥበት አዮዲኑን እየቀነሱት ይመጣሉ። ገበያ ላይ ከረጢቱ ተከፍቶ በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጠው ጨው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። የአሞሌ ጨው ለከብትና ለበግ የሚላስ ነው፤ አዮዲን የለበትም፣ አንዳንዱ ቤት ግን ለወጥም ይፈጨዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከማንኪያ ጫፍ ጨው ላይ ከፈተና ጠርሙሱ አንድ ጠብታ ይንጠባጠባል፣ አዮዲን ካለ ጨዉ ወዲያው ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፣ ቀለሙ በፈዘዘ ቁጥር አዮዲኑ አንሷል። ይህን ትንሽ ጠርሙስ በየወረዳው የጤና ባለሙያ ቦርሳ ውስጥ፣ በነጋዴው መጋዘንም ማየት እመኛለሁ። በአካባቢው የተከፈተው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርዕስ ሲፈልጉ ራቅ ብለው ከሚሄዱ የገበያውን ጨውና የትምህርት ቤት ልጆችን የሽንት አዮዲን ቢለኩ፣ የበሽሎን ነጭ ዓሣም ከጣናው ጋር ቢያስተያዩ፣ ያልተነካ ሥራ ከደጃቸው ያገኛሉ።

ቤት ውስጥ የሚቀረው ሥራ የሴቶቹ ነው፤ ወንዱም ጨው ሲገዛ ሊያውቀው ይገባል። የታሸገውን መግዛት። ከተከፈተ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ። በርበሬው ከነጨዉ ተደልዞ ለቀናት ፀሐይ ላይ ሲሰጣ አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጨዉን ከበርበሬው ለይቶ ማቆየትና ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል መጨመር ይሻላል።